የተበላ የአሉሚኒየም ጥርስ እንዴት ይጠገናል?

ብሎን እየጠበቀ መጥቶ በድንገት ከላላና ዝም ብሎ ከዞረ፣ የቀዳዳው ጥርስ (ብሎኑ የሚነክሰው ጠመዝማዛ መስመር) ተበልቷል ማለት ነው። አሉሚኒየም ላይ ይሄ የተለመደ ችግር ነው። ብሎኑ ጠንካራ ብረት፣ ቀዳዳው ለስላሳ ስለሆነ ሲጠብቁት የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። የሞተር ሳይክል ዘይት ማፍሰሻ፣ የካንዴላ ቀዳዳ፣ ካርቡሬተርና የካሜራ መቆሚያ ቀዳዳ ላይ በብዛት ይታያል። የብስክሌት ፔዳልም አለ። የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒው ስለሆነ የቀኙን በግራ በኩል በጉልበት ያስገባ ሰው ጥርሱን ይጨርሰዋል።

የተጎዳው የመጀመሪያው ዙር ብቻ ከሆነ በልኩ ጥርስ ማውጫ (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚቆርጥ መሣሪያ) በእጅ ማስተካከል ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ካለቀ ግን ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ወፍራም ብሎን ማስገባትን ነው። እኔ አልመክርም። ትንሽ ዕቃ ላይ ግድግዳው ይሳሳል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ ብሎኑ የሚያስረው ክዳንም አብሮ መስፋት ይኖርበታል።

የተሻለው ሄሊኮይል ነው። ሞላ የሚመስል፣ ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠቀለለ ጥርስ ነው። ለኤም 6 (ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ለሆነ) ብሎን ቀዳዳው በ6.3 ሚሊሜትር ፑንታ ይሰፋል። ከዚያ አብሮት በሚመጣው ጥርስ ማውጫ አዲስ ጥርስ ይወጣል። ሽቦው ከቀዳዳው ትንሽ ስለሚሰፋ ተጨምቆ ይገባና ተወጥሮ ይይዛል። ከላይኛው ገጽ ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ ይገባና ጫፉ ላይ ያለችው መግፊያ ተሰብራ ትወጣለች። አዲሱ ጥርስ አሉሚኒየሙን የሚይዘው በሰፊ ዙሪያ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከድሮው ይበረታል።

ሥራው የሚበላሸው ሲበሳ ነው። ፑንታው ካዘነበለ ብሎኑም ይጣመማል፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ቋሚ ትራፓኖ ይጠቀሙ። ጥርስ ሲያወጡ ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረጉ፣ ትንሽ ዞር፣ ትንሽ መለስ እያሉ ፍቅፋቂውን ይስበሩ። የካንዴላ ቀዳዳ ከሆነ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) አውርዶ መሥራት ይሻላል፤ ፍቅፋቂ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከጥርሱ ይብሳል። ለካንዴላ ከሽቦው ይልቅ ድፍን ቡሽ (ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው የብረት ቱቦ) ይመረጣል፣ ሽቦው ካንዴላው ሲፈታ አብሮ ሊወጣ ይችላልና።

ኢፖክሲ (ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ጭነት ለሌለበት ቦታ ብቻ ይሆናል። በብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳትም ይቻላል፣ ግን ሙቀቱ ትንሽ ዕቃን ያጣምማል።

ሲገጥሙ ብሎኑን የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ያስገቡት። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገባ ኤም 6 ብሎን ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይበቃል።