ተዳፋት ላይ ቤት ሲሠራ ስለ ዛፎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮረብታ ላይ መኖሪያ ቤቶች ሊገነቡ ሲታሰብ ፕላኑ በአረንጓዴ ክቦች ይሞላል። እያንዳንዱ ክብ «የሚጠበቅ ዛፍ» ነው። ነዋሪው ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዳንዶቹ ደርቀው ይገኛሉ። ሆን ብሎ የገደላቸው ሰው የለም። የገደሏቸው በቅንነት የሚታመኑ ስህተቶች ናቸው።

«ግንዱ ካልተነካ ዛፉ ደህና ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ብዙዎቻችን ሥር ሲባል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው የሚታየን። አብዛኛው ሥር ግን ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ግንዱን ሳይነካ አጠገቡ የሚመላለስ እስካቫተር ዛፉን ሊገድለው ይችላል። አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ ሥሩ ይታፈናል። ከጉዳቱ አብዛኛው የሚደርሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው። «አንዴ ብቻ ልለፍ» የሚል ኦፕሬተር ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱ። አጥሩ መታጠር ያለበት ማሽን ከመግባቱ በፊት ነው።

ምን ያህል ይራቅ? በግንባታ ቦታ ስላሉ ዛፎች የወጣው የብሪታንያ ደረጃ ቢ ኤስ 5837 ቀላል ስሌት አለው። የግንዱ ዲያሜትር 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካና በ12 ይባዛል። ዲያሜትሩ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥበቃው በየአቅጣጫው 6 ሜትር ይሆናል። ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ የተዘረጋ ብርቱካናማ መረብ ለፎቶ ካልሆነ ብዙም አይረባም።

«አፈር ቢጨመርበት ምን ይሆናል?»

ተዳፋት መደልደል ማለት ከላይ ቆርጦ ከታች መሙላት ነው። መቁረጡ ሥር እንደሚጎዳ ማንም አይከራከርም። ሙሌቱን ግን ሰው ይንቀዋል፤ እንዲያውም ለዛፉ ምግብ ይመስለዋል። በቀላሉ ለሚጎዱ ዝርያዎች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሙሌት እንኳ አየር ለመከልከል ይበቃል። ለማወቅ የግንዱን ግርጌ እዩ። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲነካ ሰፋ ይላል። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከገባ ተቀብሯል።

«ሥራው አልቋል፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ነው፤ ተርፏል»

ዛፍ ባጠራቀመው ስንቅ ለዓመታት ይቆያል። በግንባታ የተጎዳ ዛፍ ምልክት ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይወስድበታል። ያኔ ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ውሉ ላይ የአንድ ዓመት ክትትል ብቻ ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም ማለት ይቻላል።

«ትልቅ ዛፍ በክብደቱ መሬቱን ያንሸራትታል»

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በተዳፋቱ ላይ የዛፉ ክብደት ትንሽ ድርሻ ነው ያለው። ሥሩ ግን አፈሩን ያስራል፣ ውሃውንም ይመጥጣል። ተንኮሉ ከቆረጣው በኋላ ነው የሚመጣው። የተቆረጠ ዛፍ ሥር ወዲያው አይበሰብስም። ለተወሰኑ ዓመታት ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። አዲሱ ችግኝ ደግሞ ገና አልደረሰም። ስለዚህ አደጋው «ቆርጠን ምንም አልሆነም» ብለን ከተረጋጋን በኋላ ሊመጣ ይችላል። እርግጥ አፈሩ ስስ፣ ቁልቁለቱ ገደል ከሆነ የአፈር መሐንዲስ ይየው።

«ግንብ እንሠራለን» የሚሉም አሉ። ደጋፊ ግንብ ጥሩ ነው፤ ግን የመሠረቱ ቁፋሮ ራሱ ሥር ይቆርጣል። ከጀርባው የውሃ ማስወጫ ከሌለው ደግሞ የታቆረው ውሃ ይገፋዋል።

«በአንዱ ፋንታ ሦስት ችግኝ ይተከላል»

በወረቀት ላይ ትርፍ ነው። ዝናቡን የሚያዘገየው ግን የቅጠሉ ስፋት እንጂ የግንዱ ብዛት አይደለም። ሦስት ችግኝ የአንድ አሮጌ ዛፍ ጥላ እስኪሰጥ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ፤ ያውም ውሃ የሚያጠጣቸው ከተገኘ።

«እሳት እንዳይመጣ ሁሉም ይመንጠር»

ስጋቱ እውነት ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ በተለመደው ግምት ቁልቁለቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን የተራቆተ ተዳፋት የጎርፍ ሲሳይ ነው። ከቤቱ ዙሪያ ደረቅ ነገር ይጠረግ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ይከርከም፣ በዛፎቹ መሃል ክፍተት ይኑር።

«እያንዳንዱ ዛፍ መትረፍ አለበት»

ይሄኛው የእኛ የዛፍ ወዳጆች ስህተት ነው። በጫካ መሃል ያደገ ዛፍ ጎረቤቶቹ ከነፋስ ከልለውት ነው የኖረው። ብቻውን ሲቀር ማዕበል ሊጥለው ይችላል፣ ምናልባትም ቤት ላይ። ግንዱ የበሰበሰውን መንገድ ዳር ማቆየትም ደግነት አይደለም። ተበታትነው ከሚተርፉ ሃያ ዛፎች አንድ ላይ የታጠሩ አሥር ይሻላሉ። መንገዱና ቤቱም በእነሱ ዙሪያ ይሳሉ፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ፕላኑ ገና በእርሳስ እያለ ነው።