«ሁሉም ከስታር ዋርስ የተቀዳ ነው» እና ሌሎች ስለ ስፔስ ኦፔራ ኮሚኮች የሚወሩ ነገሮች

ጅማ ውስጥ ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ «የጠፈር ነገር አለ?» ብትሉ ስታር ዋርስ ይጫንላችኋል። ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ብትሉ ግን ልጁ ቀና ብሎ ያያችኋል። ኮሚክ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን የሚያነበውም ስልኩ ላይ ነው። አስተያየት የሚሰጠው ግን መዓት ነው። ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ተመላልሰው የሚመጡትን አባባሎች ሰብስቤ መልስ ልስጥባቸው።

ስፔስ ኦፔራ ስል በከዋክብት መካከል የሚዋጉ መንግሥታት፣ መርከቦች፣ ፍቅርና ክህደት ያሉበትን ሰፊ ታሪክ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉም ከስታር ዋርስ የተቀዳ ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስታር ዋርስ ሲኒማ ቤት የገባው በ1977 ነው። «ባክ ሮጀርስ» በጋዜጣ ላይ በሥዕል መውጣት የጀመረው በ1929። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1934፣ አሌክስ ሬይመንድ የሚባል ሠዓሊ ባክ ሮጀርስን የሚፎካከር «ፍላሽ ጎርደን» የተባለ ሥራ ይዞ ብቅ አለ። የሬይመንድን መስመር ያየ ሰው ዛሬም ይገረማል። የሰው አካል፣ የልብስ እጥፋት፣ የቤተ መንግሥት አዳራሽ፣ ሁሉም በጥንቃቄ የተሣለ ነው።

የስታር ዋርስ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ መጀመሪያ መሥራት የፈለገው ፍላሽ ጎርደንን ነበር። መብቱን ሊያገኝ አልቻለም። ስለዚህ የራሱን ጻፈ። ስታር ዋርስ ሲጀምር ወደ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄደውን ጽሑፍ ታውቁታላችሁ። እሱም በ1940 በወጣው የፍላሽ ጎርደን ተከታታይ ፊልም ላይ አለ።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ የራሳቸው ክርክር አላቸው። ዛሬ «ቫሌሪያን እና ሎረሊን» የሚባለው ኮሚክ በፒሎት መጽሔት ላይ የጀመረው በ1967 ነው። ጸሐፊው ፒየር ክሪስታን፣ ሠዓሊው ዣን ክሎድ ሜዚየር ይባላሉ። አንዳንድ መርከቦችና ትዕይንቶች ከፊልሙ ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ። መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱም የጠጡት ከአንድ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሜዚየር ግን ዝም አላለም። በ1983 አንድ ሥዕል ሠራ። የስታር ዋርስ ጀግኖች ሉክና ሊያ መጠጥ ቤት ገብተው ከቫሌሪያንና ከሎረሊን ጋር ይገናኛሉ። ሊያ እዚህ መገናኘታችን ይገርማል ትላለች። ሎረሊን ደግሞ እኛማ እዚህ ቤት ከመጣን ቆየን ብላ ትመልሳለች። ስድብ የለበትም፣ ክስ የለበትም። ግን ገብቷችኋል።

አንድ ልጨምር። የስታር ዋርስ ኮሚክ ራሱ ከፊልሙ ቀድሞ ነው ገበያ ላይ የዋለው። ሮይ ቶማስ ጽፎት ሃዋርድ ቼይኪን የሣለው የማርቭል የመጀመሪያ እትም ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በመደብሮች ነበር።

«ታሪኩ የጸሐፊው ነው፤ ሠዓሊው ያስጌጠዋል»

ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የ1966ቱ የፋንታስቲክ ፎር ኮሚክ 48ኛ እትም ሲሠራ የማርቭል አሠራር እንዲህ ነበር። ጸሐፊው ስታን ሊ አጠር ያለ ሐሳብ ይሰጣል። ሠዓሊው ጃክ ኪርቢ ከዚያ ተነስቶ ገጾቹን በሙሉ ሠርቶ ያመጣል። ንግግሩ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ኪርቢ ገጾቹን ሲያመጣ በሐሳቡ ውስጥ ያልነበረ አንድ ሰው አለ። ሰውነቱ ብር የመሰለ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በጠፈር የሚንሸራተት። ሊ ይሄ ደግሞ ማነው ብሎ እንደጠየቀ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። የኪርቢ መልስ ቀላል ነበር። ጋላክተስ ፕላኔት የሚበላ ፍጡር ነው፤ እንዲህ ያለ ኃያል ደግሞ ቀድሞት የሚሄድ መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ሲልቨር ሰርፈር የተወለደው እንዲህ ነው፣ ከሠዓሊው እርሳስ።

«ኢንካል» የተባለውን የጠፈር ኮሚክም እዩት። ጸሐፊው ሆዶሮቭስኪ ታሪኩን በጽሑፍ አዘጋጅቶ አይሰጥም ነበር። ተነስቶ እየተወነ ይተርካል፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞቢየስ እየሰማ ይሥላል። ሁለቱ የተገናኙት በ1970ዎቹ አጋማሽ «ዱን» የተባለውን ልብ ወለድ ፊልም ለማድረግ ሲዘጋጁ ነው። ብዙ ሥዕል ተሣለ፣ ብሩ ግን ጠፋ፣ ፊልሙም ቀረ። ከዚያ የተረፈው ሐሳብ በ1980 መውጣት በጀመረው ኢንካል ውስጥ ገባ።

አሁን ደግሞ ወደ «ሳጋ» እንምጣ። በ2012 የተጀመረ ነው። ብራያን ኬ. ቮን ይጽፋል፣ ካናዳዊቷ ፊዮና ስቴፕልስ ትሥላለች። ተራኪዋ ሄዘል ናት፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ስትወለድ እናያታለን። አድጋ ነው የምትተርክልን። ድምፅዋ ሳጥን ውስጥ አልገባም፤ ቃላቷ ሥዕሉ ላይ እንዲሁ ተበትነዋል። አንዴ ከጦር ሜዳ ጭስ በላይ፣ አንዴ ከተኛ ሰው ራስጌ ታገኟቸዋላችሁ። ፊደሉ የእጅ ጽሑፍ ነው። የማን እጅ? የስቴፕልስ! ቃላቱን ቮን ቢጽፋቸውም የምንሰማት ልጅ በሠዓሊዋ እጅ ነው የምትናገረው። መብቱም የሁለቱም ነው። አሳታሚው ኢሜጅ ኮሚክስ ከመነሻው በ1992 የተቋቋመው የሥራቸው ባለቤት መሆን በፈለጉ ሠዓሊዎች ነው።

ስለዚህ ኮሚክ ስትጠቅሱ ሁለት ስም ጥሩ። ቀለም የቀባውም ካለ ሦስት። የቫሌሪያንን ቀለም ለብዙ ዓመት የሠራችው ኤቭሊን ትራንሌ የሜዚየር እህት ናት። ስሟን የሚያነሳ ሰው ፈልጋችሁ ብታገኙ ማኪያቶው በእኔ ነው።

«የልጆች ነገር ነው»

ሳጋን ለልጅ እንዳትሰጡ። ይሄን እንደ ምክር ያዙት። ሁለት ወታደሮች አሉ፣ እሷ ክንፍ ካላቸው፣ እሱ ቀንድ ካላቸው። ወገኖቻቸው ለዘመናት ሲገዳደሉ የኖሩ ናቸው። ተዋደዱ፣ ወለዱ፣ አሁን ሁለቱም ወገኖች ያሳድዷቸዋል። ደም አለ፣ ራቁት አለ፣ ከባድ ሐዘን አለ። ስለ ስደትና ስለ ጦርነት ያነበብኩት ብዙ ነገር የዚህን ያህል አልያዘኝም። ሥዕል ስላለው ብቻ ለታናሽ ወንድሙ የሚሰጥ ሰው አይቻለሁ፤ ተዉ።

ቫሌሪያን በአንጻሩ ለታዳጊም ይሆናል። ግን ክሪስታን ቦርዶ ውስጥ ጋዜጠኝነት ያስተማረ ሰው ነው። ስለ ኃያላን አገሮችና ስለ ትንንሾቹ የሚያስበው ነገር በታሪኮቹ ስር አለ። ልጅ ሆኖ ያነበበው ሰው አድጎ ሲመለስበት ሌላ መጽሐፍ ያገኛል።

«ሳይንሱ ውሸት ነው»

አዎ፣ ውሸት ነው። ጠፈር ውስጥ ፍንዳታ አይሰማም። ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች፤ ቡና ሳይበርድ የሚደረስባት አይደለችም። የፊዚክስ ተማሪ ወዳጆቼ በዚህ ይናደዳሉ። ስፔስ ኦፔራ ግን የፊዚክስ ፈተና ለመፈተን አልተቀመጠም። የራሱን ሕግ ካወጣ በኋላ ራሱ ካፈረሰው ያኔ አብሬያችሁ እናደዳለሁ።

«የወንዶች ጨዋታ ነው»

የሎረሊንን ታሪክ ስሙ። በ1967 ስትፈጠር ለአንድ ታሪክ ብቻ ነበር የታሰበችው። ቫሌሪያን ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ሄዶ ጫካ ውስጥ ያገኛታል፣ ትረዳዋለች፣ ያበቃል። አንባቢ ግን አልለቀቃትም። ቀረች። ቀስ በቀስ ከእሱ ይልቅ የሚያስበው ጭንቅላት የእሷ ሆነ። እሱ ትዕዛዝ ይፈጽማል፤ እሷ ትዕዛዙ ልክ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከ2007 ጀምሮ የተከታታዩ ርዕስ ራሱ ተቀየረ፤ የሁለቱም ስም ሆነ። አርባ ዓመት ፈጅቷል፣ ምን ይደረግ።

«ሳጋ ቆሟል፤ ሰዎቹ ሰነፉ»

ሳጋ በ2018 ከ54ኛው እትም በኋላ ቆመ። ያውም ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ። የተመለሰው በጃንዋሪ 2022 ነው። ሦስት ዓመት ተኩል! የተናደደው ሰው እውነት አለው። ነገር ግን ፈጣሪዎቹ ጠቅላላው 108 እትም እንዲሆን ነው ያሰቡት፤ 54 ማለት ልክ ግማሹ ነው። ስቴፕልስ ደግሞ ንድፉንም፣ መስመሩንም፣ ቀለሙንም ብቻዋን ነው የምትሠራው። በትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ ይሄ ለሦስትና ለአራት ሰው የሚከፋፈል ሥራ ነው። እናንተ አንዱን እትም በሃያ ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ፤ ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ገጹን ሳታጎሉት ጭራሽ በአስር።

«የአሜሪካኖች ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም»

ሆዶሮቭስኪ ቺሊያዊ ነው። «ሜታባሮኖቹ» የተባለውን ኮሚክ አብሮት የሠራው ሁዋን ሂሜኔዝ አርጀንቲናዊ። ሌጂ ማትሱሞቶ ጃፓናዊ ነው፤ በ1977 በጀመረው ሥራው በከዋክብት መካከል የሚያበረው በእንፋሎት የሚሠራ አሮጌ ባቡር ነው። ለምን ባቡር? ወጣት ሳለ ከኪዩሹ ወደ ቶኪዮ የሄደው በእንደዚያ ያለ ባቡር ነበር። ሞቢየስ በጉርምስናው ሜክሲኮ እናቱ ዘንድ ሄዶ ያየው በረሃ ዕድሜውን በሙሉ ከሥዕሉ አልወጣም። ሜዚየርም አሜሪካ ምዕራብ ሄዶ ዩታ ውስጥ ከብት ጠብቋል። ሁሉም ያዩትን ነው ጠፈር ላይ የሰቀሉት።

ታሪክን በሳጥን ከፍሎ በሥዕል መተረክ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች፣ ከስር አማርኛ ጽሑፍ ተጨምሮበት፣ ሸራ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ዘመናዊውም ተጀምሯል። ኤታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። እሱ የልዕለ ጀግና ታሪክ ነው እንጂ ስፔስ ኦፔራ አይደለም፤ ቦታው ክፍት ነው። ባቡር የሌላት ጅማ ምን ታብርር? እኔን ከጠየቃችሁኝ ባጃጅ። ጣቢያው ደግሞ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ይሁን፤ ያንን የእንጨት ሥራ የሚሥል እጅ ካለ ማለቴ ነው።

«ከቁጥር አንድ ካልጀመርክ አይገባህም»

እንደ ሥራው ይለያያል። ሳጋ ከአንድ ነው የሚጀመረው፣ አማራጭ የለውም። ኢንካልም ስድስቱን ቅጽ በተርታ ነው። ቫሌሪያንን ግን በ1975 ከወጣው የጥላዎቹ አምባሳደር ብትጀምሩ ይሻላል። ታሪኩ በራሱ የቆመ ነው። ቫሌሪያን ገና ከመጀመሪያው ታፍኖ ይወሰዳል፤ ሎረሊን በግዙፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ትፈልገዋለች። የምትከፍለው ደግሞ የዋጠውን ነገር አባዝቶ በሚያወጣ አንድ ኩርፍተኛ እንስሳ ነው። ዕንቁ ታስውጠዋለች፣ ብዙ ዕንቁ ይተፋላታል፣ ከዚያ ኃይሉ አልቆ ይዝለፈለፋል። ሺንጉዝ የሚባሉት ሦስት ፍጡራን የመጡትም በዚህ መጽሐፍ ነው። አጫጭር ናቸው፣ አፈ ረጃጅም፣ ወሬ ይሸጣሉ፣ ሁሉን ሰው ያውቃሉ፣ ያለ ኮሚሽን አንድ ቃል አይተነፍሱም። መርካቶ ቡና ተራ ቆሞ ለሚያውቅ የጅማ ሰው ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ደላላ ናቸው በቃ።