አምስተኛዋ ድንቢጥ

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ባለፈው ሐሙስ እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ወርጄ ቡና ልገዛ አንዲት እናት ፊት ቆምኩ። ሦስት ጣሳ ሰፈሩልኝ። ብሩን ስሰጣቸው እጃቸውን መልሰው ጆንያው ውስጥ ከተቱና አንድ እፍኝ ዘግነው ፌስታሌ ውስጥ ጨመሩ። «ይኸው ምራቂ» አሉኝ።

ምራቂን ሁላችንም እናውቀዋለን። አይሰፈርም፣ ዋጋ አይቆረጥለትም። ሻጩ ቢረሳ «መርቁልኝ እንጂ» እንላለን፤ «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ከሒሳቡ ውጭ ነው። ቡናዬን ይዤ ስመለስ ያቺ እፍኝ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ለዓመታት እያነበብኩ ያለፍኩትን ጥቅስ አስታወሰችኝ።

ጌታ የድንቢጦችን ዋጋ ሲጠቅስ በሁለት ወንጌሎች እናገኘዋለን። በማቴዎስ 10፥29 «ሁለት ድንቢጦች በአምስት ሳንቲም ይሸጡ የለምን?» ይላል። በሉቃስ 12፥6 ደግሞ «አምስት ድንቢጦች በአሥር ሳንቲም ይሸጡ የለምን?» ይላል። እስቲ አስሉት። ሁለቱ በአምስት ሳንቲም ከሆኑ፣ በአሥር ሳንቲም የሚመጡት አራት ናቸው። አምስተኛዋ ከየት መጣች?

ምራቂ ናት።

መጽሐፍ ቅዱሳችን አምስት ሳንቲም ያለው በግሪኩ አንድ አሳሪዮን ነው፤ የዲናር 16ኛ እጅ። ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ አትክልት ሠራተኞች ለአንድ ቀን ሥራ የተዋዋሉበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁለት ድንቢጥ ማለት የቀን ሠራተኛ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚያገኛት ናት። ድንቢጥ የድሃ ሥጋ ነበረች። አምስተኛዋ ግን ያችንም ታህል አታወጣም። ነጋዴው ገዢውን ደስ ለማሰኘት የጨመራት ናት። ጌታ ይህን ሁሉ ዋጋ ከጠራ በኋላ ነው እንግዲህ «ከእነርሱም አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም» ያለው። አንዲቱ ስንኳ። ምራቂዋም ጭምር።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠቅስም። ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሥራ አላገኘም። ጸሎት ላይ ድምፁ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ፣ ከዚያ እሁድ እያለፈ ይመጣ ጀመር፣ ከዚያ ቀረ። ሰሞኑን አጂፕ አካባቢ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ?» አልኩት። ዓይኔን ሳያየኝ «ጋሼ፣ ምን ይዤ ልምጣ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የማውቀው ሕመም ስለሆነ ነው መልስ ያጣሁት። እኔም በጊዜዬ ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ቤት ተቀምጫለሁ። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ስትጠራ በጓሮ እወጣ ነበር። «ሥራ ያዝክ እንዴ?» የምትል አንዲት ጥያቄ እንዳትነሳ የአዌቱን ወንዝ ይዤ ዞሬ እሄድ ነበር። የሚጠይቁኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ስለሚወዱኝ ነው የሚጠይቁት። ግን በጠየቁኝ ቁጥር አንድ ነገር ከውስጤ ይቀነስ ነበር።

በአማርኛችን ምራቂና ምርቃት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «ክበር፣ ተባረክ» የሚለን ምርቃት ነው። ጋውን ለብሰን ፎቶ የምንነሳበትም ምርቃት ነው። ቃሉ በሁሉም ቦታ ስጦታን ያሸታል። እኛ ግን አንደኛውን ወስደን የሰው ዋጋ መለኪያ አደረግነው። ጅማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በየዓመቱ ጋውን እናያለን፣ በየዓመቱ አበባ እንገዛለን። አበባው ከደረቀ በኋላ ያሉትን ወራት ግን አብረን አንቀመጥባቸውም።

ሌላም ቃል አለ፤ «ወደቀ»። ልጅ ፈተና ሲያቅተው ወደቀ ነው የምንለው። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አስቡት፤ ከመቶ ልጅ ወደ ዘጠና ሰባቱ በአንድ ቀን «ወደቀ» ተባለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እኛ ጋ መዝሙር የሚዘምሩ፣ ሰንበት ትምህርት የሚያስተምሩ ልጆች ናቸው። ውጤቱ የወጣ ሰሞን ቤታቸው ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

ጌታስ ስለ መውደቅ ምን አለ? «ከእነርሱም አንዲቱ ያለ አባታችሁ ፈቃድ በምድር ላይ አትወድቅም።» እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንሂድ፤ ብዙ ስብከት የሚስተው እዚህ ነው። ድንቢጧ ጨርሶ አትወድቅም አላለም። ድንቢጥ ትወድቃለች። ያመነ ሰው ሁሉ ፈተና ያልፋል፣ ሥራ ያገኛል የሚል ተስፋ እዚህ የለም፤ እኔም አልሰጣችሁም። ጌታ ይህን የተናገረው ስለ እርሱ ሊገደሉ ለሚችሉ ደቀ መዛሙርት ነበር። የሰጣቸው ቃል ሌላ ነው። ስትወድቁም ከአባታችሁ ዓይን ውጭ አትሆኑም አላቸው። ምድር ላይ ያረፈችውን ድንቢጥ ነጋዴው አይፈልጋትም፣ ገዢውም አይፈልጋትም። አባት ግን የት እንዳለች ያውቃል።

የምንኖረው ቡና አገር ነው፤ ደረጃ ማውጣት ምን እንደሆነ እናውቃለን። «ጅማ 5» የሚለውን የንግድ ስም ያልሰማ የቡና ነጋዴ የለም። ቡና ደረጃ ሲወጣለት ናሙና ይወሰድና ጉድለቱ ይቆጠራል፤ ጥቁሩ ፍሬ፣ የተሰበረው፣ ነፍሳት የበሳው። ከዚያ ተቆልቶ ይቀመሳል። ለቡና ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ ማታ ትራስ ላይ ስንተኛ ራሳችንንም እንደዚያ መቁጠራችን ነው። ያልተሳካው ይኸው፣ የተሰበረው ይኸው፣ እኩያዬ ቤት ሠርቷል፣ እኔ ኪራይ ላይ ነኝ። ቆጥረን ቆጥረን ለራሳችን ደረጃ እንሰጣለን፤ ሁልጊዜም ዝቅ ያለውን።

እግዚአብሔርም ይቆጥራል። ከድንቢጧ ቀጥሎ ያለው ቃል ይህ ነው፤ «የእራሳችሁ ጠጉር ሁሉ እንኳ የተቈጠረ ነው።» የሚቆጥረውን ተመልከቱ። ጠጉር ጉድለት አይደለም፤ ገድልም አይደለም። ማንም ለጠጉሩ ብዛት ሽልማት አልተቀበለም። ጠጉር የሚያውቅ ቅርብ የተቀመጠ ነው። እናት ልጇን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራላት የቱ ጋ ሳሳ፣ የቱ ጋ ተቋጠረ፣ ሁሉን በጣቷ ታውቃለች። አባታችን የሚቆጥረን እንደዚያ ነው።

ጌታ ኢየሱስ ራሱ ከዮርዳኖስ ሲወጣ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ገና አንድ ተአምር አላደረገም። አንድ ደቀ መዝሙር አልጠራም። ሕዝቡ ጸራቢ መሆኑን ነበር የሚያውቀው። ሰማይ ግን ተከፍቶ «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» ተባለ። ከሥራው በፊት። ሰይጣንም ወዲያው በምድረ በዳ የነካው ይህንኑ ነው፤ «የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ» እያለ ልጅነቱን በሥራ እንዲያስመሰክር ፈለገ። እስከ ዛሬም ዘዴው ይኸው ነው። ጌታ ግን ድንጋዩን ዳቦ አላደረገም። አባቱ የተናገረው በቂው ነበር። እኛም ልጅነታችንን ያገኘነው በእርሱ ነው፤ ደሙን ከፍሎ ገዝቶናል።

አንድ የሚከብደኝን ነገር ደግሞ ልናገር። ዓለም ሰውን በኪሱ መመዘኑ አይደንቀኝም። የሚያመኝ የእኛው ጉባኤ ነው። ምስክርነት ሲባል ማይክ የሚይዘው ማነው? ሥራ ያገኘ፣ ቪዛ የመጣለት፣ መኪና የገዛ። እግዚአብሔር ሰጥቷቸዋል፣ ያመስግኑ፣ እኔም አብሬ እልል እላለሁ። ግን «በዚህ ዓመትም ሥራ አላገኘሁም፣ ጌታ ግን ጠብቆኛል» ብሎ የመሰከረ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሰማችሁ? ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካም ስፍራ፣ ለድሀው ግን «አንተስ ወደዚያ ቁም» የሚሉትን ይገሥጻል። እኛ ቁም አላልነውም። ማይኩን ብቻ ነው ያላሳለፍንለት። ያ ወንድማችን «ምን ይዤ ልምጣ?» ያለው ይህንን ከእኛ ተምሮ ነው።

የተሳካላችሁ ወገኖች፣ ይህ ቃል ለእናንተም ነው። ደቀ መዛሙርቱ አጋንንት ተገዙልን ብለው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ጌታ «ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ» አላቸው። የተሳካ ነገር ነገ ሊቀር ይችላል። ጳውሎስ ስምንተኛው ቀን መገረዙን፣ የብንያም ወገንነቱን፣ ፈሪሳዊነቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ ለክርስቶስ ሲል ሁሉን እንደ ጕድፍ ቆጠረው። ጉድፍ ምን እንደሆነ እናቶቻችን ያውቃሉ። ቡናው ከመቆላቱ በፊት ሰፌድ ላይ የሚለቀመው ነው። ጳውሎስ ግን ድንኳን መስፋቱን አልተወም። ሥራ መፈለግ፣ ማጥናት፣ መነገድ፣ ላብ ማፍሰስ ይቀጥላል።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ምን ይዤ ልምጣ ብለኸኛል። ምንም አትያዝ። እሁድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ስለ ሥራ አልጠይቅህም። ከአገልግሎት በኋላ ቤት ሄደን የሐሙሷን ቡና እናስቆላለን፤ ምራቂዋን ለብቻ አስቀምጫታለሁ።