ፒኤስፒን በአንጎል ምስል መለየት

ፕሮግሬሲቭ ሱፕራኑክሌር ፓልሲ፣ በአጭሩ ፒኤስፒ፣ ታው የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ሴሎች ውስጥ እየተጠራቀመ የሚያመጣው ሕመም ነው። ሚዛንን፣ የዓይን እንቅስቃሴንና ንግግርን ቀስ በቀስ ያውካል። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የገለጹት ስቲል፣ ሪቻርድሰንና ኦልሼቭስኪ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ከ100,000 ሰዎች ከ5 እስከ 7 የሚሆኑትን ብቻ ስለሚይዝ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ፓርኪንሰን ተብሎ ይታለፋል።

ልዩነቱ አለ። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳይታሰብ ወደ ኋላ መውደቅ ይጀምራል፣ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓም እምብዛም አይረዳውም። ይህን ሁሉ የነርቭ ሐኪሙ በጥያቄና በአካል ምርመራ ይደርስበታል። ምስል የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።

የኤምአርአይ የመጀመሪያ ሥራ ሌሎች ሕመሞችን ማስወገድ ነው፦ ዕጢ፣ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት፣ በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ። የመጨረሻው ያሳስታል፤ ፒኤስፒም ራሱ የአንጎልን የፈሳሽ ክፍሎች ሊያሰፋ ይችላልና።

ቀጥሎ የሚታየው መሃል አንጎል፣ ማለትም የአንጎል ግንድ የላይኛው ክፍል፣ ነው። አንጎሉ ከፊት ወደ ኋላ በመካከሉ የተቆረጠ ያህል በጎን ሲታይ፣ የመሃል አንጎል የላይኛው ጠርዝ በጤናማ ሰው ወደ ላይ ጎበጥ ይላል። በፒኤስፒ ግን ይመነምናል፤ ጠርዙ ይስተካከላል ወይም ይሰረጉዳል። ከሥሩ ያለው፣ ፖንስ የተባለው የአንጎል ግንድ ክፍል መጠኑን በአብዛኛው ስለሚጠብቅ ሁለቱ አንድ ላይ ሃሚንግበርድ የተባለችውን ወፍ ይመስላሉ፦ ሰውነቷ ፖንስ፣ ራሷና ረጅም ምንቃሯ የመነመነው መሃል አንጎል። ምልክቱም በወፏ ስም ይጠራል። ውብ ስም ነው፣ ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይታይ ይችላል፤ አንዱ ሐኪም ያያትን ወፍ ሌላው ላያያት ይችላል።

ስለዚህ መለካት ይሻላል። የተለመደው ቀመር የፖንስን ስፋት ለመሃል አንጎል ስፋት ያካፍልና፣ ውጤቱን ከሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ጋር ከሚያገናኙት የነርቭ ግንዶች የመካከለኛው ውፍረት ለላይኛው ውፍረት ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ያባዛዋል። በፒኤስፒ አካፋዮቹ፣ ማለትም መሃል አንጎልና የላይኛው ግንድ፣ ስለሚመነምኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ማጓጓዣ የሚያሳየው ዳትስካን የተባለ ምስል እዚህ ብዙ አይጠቅምም፤ በፓርኪንሰንም በፒኤስፒም ይቀንሳል። የስኳር ፍጆታን የሚለካው ፔት ስካን የፊተኛው አንጎልና የመሃል አንጎል መድከምን ስለሚያሳይ ይሻላል። ታውን ራሱን ያሳያል የተባለው ፔት ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። ይሁንና ታውን በፔት ለማሳየት ለአልዛይመር የተሠራው ፍሎርታውሲፒር የተባለ ንጥረ ነገር በጤነኞችም ጥልቅ የአንጎል ክፍሎች ላይ ስለሚጣበቅ ለፒኤስፒ አስተማማኝ አልሆነም። ሌሎች ንጥረ ነገሮች እየተሞከሩ ነው።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርትም የምስል ውጤትን በደጋፊ ማስረጃነት ብቻ መድቦታል። ፍጹም እርግጠኛ የሚባለው ምርመራ አሁንም ከሞት በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ነው፤ የራዲዮሎጂ ዘገባም ብዙ ጊዜ «ከፒኤስፒ ጋር የሚጣጣም» ብሎ የሚያበቃው ለዚህ ነው።