የአርኬድ ስፖርት ጌም፦ ንድፉና አሠራሩ ከጅማ ሲታይ

የአርኬድ ስፖርት ጌም ከአንድ ስፖርት አንዱን ስሜት መርጦ የሚያጎላ፣ የቀረውን የሚተው የቪዲዮ ጌም ነው። ግጥሚያው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ያልቃል፤ ቁልፎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኦፍሳይድና ቅያሪ አብዛኛውን ጊዜ የሉም። ጅማ ውስጥ ይህን ለማስረዳት የሚቀለው ጆተኒ ነው። የጆተኒ ተጫዋቾች በብረት ዘንግ ላይ ተሰክተው ይዞራሉ እንጂ አይሮጡም፣ አይወድቁም፣ ዳኛም የላቸውም። ከእግር ኳስ የቀረው ምቱና የኳሷ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሆኖም ጎል ሲቆጠር ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚነሣው ጩኸት የስታዲየም ጩኸት ነው። ጌም መሥራት የሚፈልግ የጅማ ወጣት መጀመሪያ ሊያጠና የሚገባው ይህን ጠረጴዛ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዘርፉ ታሪክም የሚጀምረው እንዲህ ካለ ቅነሳ ነው። አለን አልኮርን ለአታሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው የጠረጴዛ ቴኒስ ጌም፣ ፖንግ፣ ሁለት መስመርና አንድ ነጥብ ነበር፤ መስመሮቹ መምቻ፣ ነጥቧ ኳስ። መምቻውን 8 ቦታ ከፋፍሎ ኳሷ በነካችው ክፍል ልክ አቅጣጫዋ እንዲለወጥ፣ ምልልሱ ሲረዝምም ፍጥነቷ እንዲጨምር አደረገ፤ ጎበዙና ጀማሪው በእነዚህ ሁለት ሕጎች ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የዲኖ ዲኒ የእግር ኳስ ጌም፣ ኪክ ኦፍ፣ ደግሞ ኳሷን ከተጫዋቹ እግር ፈታት፤ ከዚያ በፊት በብዙ ጌሞች እግር ላይ ተጣብቃ ነበር የምትሄደው። የሚድዌይ ኩባንያ ኤንቢኤ ጃም እ.ኤ.አ. በ1993 ቅርጫት ኳስን ሁለት ለሁለት አድርጎ መጣ፤ በተከታታይ ሦስት ያስቆጠረ ተጫዋች እሳት ይለብሳል፣ ይፈጥናል፣ የማስገባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ተጋጣሚው ሲያስቆጥርበት እሳቱ ይጠፋል። አንድም ቃል ሳያነብ ሕጉን ልጅ ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ሕግ ማግኘት ከመላው ሥራ ከባዱ ነው።

ሥራው ከኳሷ መጀመር አለበት። ሜኑና የተጫዋች መልክ ከመሣሉ በፊት ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ክብ ስትነጥር፣ ስትንከባለልና ስትቆም ማየት አስደሳች ካልሆነ፣ በላዩ የሚጨመረው ስዕል አያድነውም። የፊፋ የላይኛው ደረጃ ኳስ ከ2 ሜትር ከፍታ በብረት ወለል ላይ ስትጣል ከ135 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለባት፤ ሲሰላ በአንድ ንጥረት ከፍጥነቷ ከ82 እስከ 88 በመቶው ይቀራል ማለት ነው። ኮዱ ውስጥ በ0.85 ጀምሮ ሣር ለማስመሰል መቀነስ ይቻላል። ስበቱ ግን በእውነተኛው 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ከተተወ ኳሷ ስክሪን ላይ የምትንሳፈፍ ትመስላለች፤ ስለዚህ ስበቱም ምቱም ከልክ በላይ ይጠነክራሉ። መጠኗም እንዲሁ ነው። ስፋቷ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኳስ፣ 105 ሜትር ርዝመት ያለው ሜዳ በሙሉ 15 ሴንቲ ሜትር ስክሪን ላይ ቢሣል፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች። ሜዳውን ወደ ፉትሳል 40 ሜትር ማውረድ እንኳ ከ0.8 ሚሊ ሜትር አያሳልፋትም። ስለዚህ አግንኖ መሣል ግድ ነው። ከሥሯ ጥላ ይቀመጥላታል፤ ከፍታዋን ለዓይን የሚነግረው እሱ ነውና።

ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ስዕል፣ እያሳየ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። የኳሷ ስሌት ከስዕሉ ተለይቶ በእኩል የጊዜ እርምጃ ካልሄደ፣ ስልኩ በደከመ ጊዜ ኳሷ በበረኛው አካል ውስጥ አልፋ መረብ ውስጥ ትገኛለች። ሌላው ጥንቃቄ ለጣት ነው፦ ኳሷ ሳትደርስ ጥቂት ቀድሞ የተነካን የምት ቁልፍ ለ5 ወይም ለ6 ፍሬም ማስታወስ ይገባል፤ ካልሆነ ተጫዋቹ «ነክቼው ነበር እኮ!» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

የኮምፒውተሩ ቡድን ውስብስብ መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቋሚ ቦታ ይሰጠዋል፤ ቦታው ኳሷን ተከትሎ ይንሸራተታል፤ ቅርብ ያለው አንዱ ብቻ ይነጥቃል። ሰው ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት ሩብ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ኮምፒውተሩም 12 ወይም 15 ፍሬም ቢዘገይ ፍትሐዊ ይሆናል፤ የጌሙን አስቸጋሪነት በዚህ መዘግየት መለካት ይቻላል። የኤንቢኤ ጃም ሠሪ ማርክ ተርሜል የሚደግፈው የዲትሮይት ቡድን ከቺካጎ ሲገናኝ፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ቺካጎ የሚወረውረው ኳስ እንዲስት በኮድ ማድረጉን ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። ታሪኩ ቢያዝናናም እንዲህ ያለ ስውር እጅ ጌም ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ጆተኒ የሚወደደው ማንም ስለማይረዳህ ነው።

ጅማ ላይ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ጎዶ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ኢንጂን፣ ማለትም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ነው፤ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በመካከለኛ ላፕቶፕ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው እስካለ ሥራው አይቆምም። የኮምፒውተር ትምህርቱን በተመለከተ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቂጦ ፉርዲሳ ላይ አለ። ኳስ ወዳዱም ሞልቷል፦ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን አንሥቷል። የክለብ ስም፣ አርማና የተጫዋች መልክ ግን ያለ ፈቃድ አይወሰድም። ለጀማሪ የሚሻለው የሰፈር ቡድን ነው፦ መንደራ ኮቺ ከሂርማታ መርካቶ፣ ቦሳ ቂጦ ከጊንጆ፣ ሜዳው በአዌቱ ወንዝ ዳር። በጅማ ዙሪያ ፈረስም እንግዳ አይደለምና ጉግስን የሚመርጥ ሠሪ የበለጠ ዕድለኛ ይመስለኛል። ማሳደድ፣ ውርወራ፣ በጋሻ መከላከል፤ ሦስት ቁልፍ ይበቃዋል።

ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መሆን አለበት። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ በትንንሽ የነጥብ (ፒክስል) ፊደል ይነበባል፤ የግዕዝ ፊደል ግን 8 በ8 ነጥብ ውስጥ ሲጨመቅ ጨና ጬ አይለዩም። ትልቅ ፊደልና ጥቂት ቃል ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ፋይሉም ትንሽ ይሁን፤ ጌም ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ነው የሚሻገረው። ለሁለት ሰው ግጥሚያ አንድ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ፊት ለፊት መጫወት ዳታ አይፈልግም።

ፍተሻው ጆተኒ ቤት ደጃፍ ላይ ይደረጋል። ስልኩ ያለ መመሪያ ለልጆች ይሰጣል፤ ሠሪው ዝም ብሎ አውራ ጣታቸውን ያያል። የስበት፣ የምትና የፍጥነት ቁጥሮች ከኮዱ ወጥተው በአንድ ፋይል ከተቀመጡ፣ ልጆቹ ሳይበተኑ እዚያው ተስተካክለው ስልኩ ይመለስላቸዋል።