የእሳት ኳስ ምንድን ነው? እንጦጦ ጀርባስ ወደቀ እንዴ?

ማታ ደቡብ ሰማይ ላይ አንድ ደማቅ ነገር ሲምዘገዘግ የሱሉልታው ሰው «እንጦጦ ጀርባ ወደቀ» ይላል። የለቡው «ፉሪ ላይ ነው» ይላል። የለገጣፎው የረርን ይጠቁማል። ሁሉም ለሰፈሩ ተራራ ያደላል። አንዱማ «በዓይኔ ያየሁትን ልትክደኝ ነው?» ብሎ ተቆጥቶኛል።

ማየቱንስ አይተሃል፣ ወንድሜ። ርቀቱን ግን ዓይንህ አይነግርህም።

የእሳት ኳስ ከቬነስ በላይ የደመቀ ተወርዋሪ ኮከብ ነው፤ ከጠፈር የመጣ ድንጋይ አየር ውስጥ ግሎ ሲያበራ ማለት ነው፤ በቃ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይበራል። (የሚያግለው በዋናነት መፋተግ ሳይሆን ከፊቱ ያለው አየር መታመቁ ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ።) ድንጋይ የሚጥለው ትልቁ እንኳ ብዙውን ጊዜ መሬት ለመድረስ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይጠፋል።

ከሱሉልታ ሆነህ ማታ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ተመልከት። መብራቱ ዝቅ ዝቅ እያለ እንጦጦ ጀርባ ይሰወራል። «ተከሰከሰ!» ብለህ አትጮህም፤ ማረፊያውን ታውቃለሃ። ቢሾፍቱ ያለው ሰው ደግሞ ያንኑ አውሮፕላን በሌላ አቅጣጫ ያየዋል። አሁን ፓይለቱ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ሳለ (እዚያ ባይደርስም) መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ፣ ሞተሩንም ዘግቶ ለቀቀው እንበል። የተረፈው ድንጋይ እንደዚያ ነው የሚወርደው፦ በጨለማ፣ ለደቂቃዎች። ስለዚህ ፍም ሆኖ አይደርስም። «ሳሩን አቃጠለው» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ክንድህን ዘርጋና ጡጫህን አድማሱ ላይ አስቀምጥ፤ ወደ 10 ዲግሪ ነው። ብርሃኑ ከጡጫህ አናት ላይ ከጠፋ፣ ከፍታውም 30 ኪሎ ሜትር ከነበረ፣ ካንተ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሱሉልታ ሆነህ ካየኸው ላንጋኖ አካባቢ ማለት ነው። ሳይጠፋ ተራራው ከጋረደህማ ከዚያም ሊብስ ይችላል።

«ወዲያው ሲፈነዳ ሰማሁ» የሚሉም አሉ። ድምፅ ከዚያ ርቀት ለመምጣት ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። የሰማኸው የጎረቤት በር ይሆናል። ቀልዱ ግን ልክ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ ሰው ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ሄደ። የአየር ግፊቱ ከ2 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ከተማዋ ደረሰና መስታወቱን አረገፈው። ከ1,000 በላይ ሰው ተጎዳ። በጣም ደማቅ ካየህ ከመስታወት ራቅ።

ቴሌስኮፕ ለምን አትጠቀሙም ለምትሉ፦ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ የሚያዩት የሰማይ ቁራጭ ግን በጣም ጠባብ ነው። ብርሃኑን ከሁለት አቅጣጫ አገናዝቦ ርቀቱን ለማወቅ ሱሉልታና አዳማ ያሉ ሁለት የደጅ ካሜራዎች ይሻሉናል። ሰዓታቸው ትክክል ከሆነ።