የልጆች አስተሳሰብ ዕድገት

ልጆች ሲያድጉ የሚጨምረው የዕውቀታቸው መጠን ብቻ አይደለም፤ ዓለምን የሚረዱበት መንገድም አብሮ ይለወጣል። ይህን ለውጥ በማጥናት ግንባር ቀደም የሆነው የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ነው። በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ የልጆችን የማመዛዘን ችሎታ በሚለካ ፈተና ላይ ሲሠራ፣ በተቀራራቢ ዕድሜ ያሉ ልጆች ደጋግመው ተመሳሳይ ስሕተት እንደሚሠሩ አስተዋለ፤ ከዚያም ትክክለኛ መልሶችን ከመቁጠር ይልቅ ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭ መመርመር ጀመረ። የልጅ ስሕተት የራሱ ሥርዐት ያለው አስተሳሰብ ውጤት መሆኑን ማሳየቱ፣ ከነደፋቸው የዕድገት ደረጃዎች ይበልጥ ጸንቶ የቆየ አስተዋጽኦው ነው።

ፒያዤ ዕድገቱን በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል። እስከ 2 ዓመት ገደማ ሕፃኑ ዓለምን የሚያውቀው በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው ነው፤ 8 ወር ገደማ ሳይሞላው መጫወቻው ዓይኑ እያየ በጨርቅ ቢሸፈንበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁን ገልጦ አይፈልገውም። ከ2 እስከ 7 ዓመት ቋንቋና የማስመሰል ጨዋታ ይዳብራሉ፤ ሆኖም ልጁ በአንድ ገጽታ ላይ ብቻ ያተኩራል። በሰፊ ብርጭቆ ያለ ውሃ ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ «በዛ» የሚለው ከፍታውን አይቶ ስፋቱን ስለሚዘነጋ ነው። ከ7 ዓመት በኋላ ይህን ይሻገረዋል፤ የሚሻገረው ግን ደረጃ በደረጃ ነው፤ ድቡልቡል ጭቃ ሲጠፈጠፍ መጠኑ እንደማይለወጥ የተረዳ ልጅ፣ ክብደቱም እንደማይለወጥ ለመረዳት ተጨማሪ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። በሐሳብ ብቻ ያለን ነገር «እንዲህ ቢሆንስ» ብሎ ማሰላሰል የሚጠናከረው ከ11 ዓመት ወዲህ ነው።

በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ፒያዤ የጨቅላዎችን ችሎታ አሳንሶ እንደገመተ አመልክተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ረኔ ባያርጆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባካሄደቻቸው ሙከራዎች፣ ገና እጃቸውን ዘርግተው መፈለግ ያልቻሉ የጥቂት ወራት ሕፃናት፣ የተሸፈነ ዕቃ እንደጠፋ የሚያስመስል የማይሆን ክስተት ሲቀርብላቸው ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጠው ይመለከቱ ነበር፤ ይህም ዕቃው ከዓይናቸው ቢሰወርም መኖሩን እንደሚቀጥል ይጠብቁ እንደነበር ይጠቁማል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) በበኩሉ ልጅ ብቻውን የሚችለውንና በሌላ ሰው እገዛ የሚችለውን ለይቶ፣ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው በሁለቱ መካከል ባለው ክልል እንደሆነ አስረድቷል።

ማወቅና ያወቁትን በተግባር ማዋልም እኩል አይራመዱም። ካርዶችን በቀለም ሲለይ የቆየ የ3 ዓመት ልጅ «አሁን በቅርጽ ለይ» ሲባል፣ አዲሱን ደንብ በቃሉ በትክክል እየተናገረ እንኳ ብዙውን ጊዜ በቀለም መለየቱን ይቀጥላል። ይህን የለመዱትን የመግታት ችሎታ በዋናነት የሚያግዘው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።